አንድ ቀን ሲቀነስ

ቻ ኢንሶ ሰውን ሲያርም ደስ ይለዋል፤ ማረም ደግሞ ሥራው ሆነለት። ፓንግዮ ከተማ ያለው ኩባንያቸው ለሙታን ነፍስ ማዕድ የሚቀርብበት መታሰቢያ ሲደርስ «ዛሬ ማታ ነው» ብሎ ለየቤተሰቡ የስልክ መልእክት ይልካል። መልእክቱን የሚልከው ፕሮግራም አርጅቷል፣ ይንቀራፈፋል፣ ከጻፈው ሰው በቀር አንብቦ የሚረዳው የለም። ይሠራል ግን! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው ያሉ ነበሩ፤ ዳይሬክተር ሶል ግን አልሰማቻቸውም። ኢንሶን ጠራችው።

«ኮዱን አጽዳልኝ» አለችው። «ይፍጠን። አዲስ የተቀጠረ ልጅ እንኳን አንብቦ ይረዳው። ደንበኛው ግን አንድ ነገር እንደተነካ እንዳያውቅ። አንዲት የቅሬታ ስልክ ከመጣች የክፍል ኃላፊነቱን እርሳው።»

ያንን ወንበር ኢንሶ በህልሙም በእውኑም ሲመኘው ኖሯል። ሦስቱ ትእዛዞች ግን አብረው አይሄዱም። የፈጠነው ለማንበብ ይከብዳል፣ ለማንበብ የቀለለው ይጎተታል፣ ሁለቱንም አስማማለሁ ሲሉ የድሮው ጠባይ ሾልኮ ያመልጣል። ኢንሶ ከሦስቱ ለዓይን የሚታየውን መረጠ፤ ኮዱ ሲያዩት እንዲያምር።

በግምገማው ቀን ሁሉም ትልቁ ስክሪን ፊት ተሰበሰቡ። የድሮውን ኮድ የጻፉት ጊል ማንሆ እዚያው ነበሩ፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ልጆቹ ሁሉ ጋሼ የሚሏቸው።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ኢንሶ አንዷን መስመር እየጠቆመ። «ሰውየው የሞተበት ቀን በጨረቃ አቆጣጠር ይሰላል፤ ጥሩ። ከዚያ አንድ ቀን ይቀነሳል። ለምን?»

«እሷን ተዋት» አሉ ጋሼ ጊል።

«ለምን እኮ ነው የምልዎት?»

«ያለ ምክንያት አልተጻፈችም።»

«የማይነበብ ምክንያት ምክንያት አይባልም። እኔ የሚታየኝ መቁጠር የተሳነው ሰው ስህተት ነው።»

ከልጆቹ አንዳንዶቹ ሳቁ፤ ምን ያድርጉ፣ የነገው አለቃ ቀልዶ!

«ስማኝ ልጄ፣ ሰው ሲሞት…» ብለው ጀመሩ ጊል።

«እኔ ያንተ ልጅ አይደለሁም!» አላቸው። «ጽፈህ ማስረዳት ካቃተህ ደምስሳት። አንተው፣ በገዛ እጅህ።»

አባት ለሚሆን ሰው «አንተ»! ከጥፊ በምን ያንሳል? አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ኢንሶም አልታወቀውም። ጊል ቀስ ብለው ተነሱ፣ ኮምፒውተሩ ጋ ሄዱ፣ መስመሯን ደመሰሷት።

«እንዳሉ ይሁን፣ አለቃዬ» አሉት አጎንብሰው። ዝም አይነቅዝም፤ ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አላሉም። ኮዱ ሲፈተሽ ሁሉም ትክክል ሆኖ ወጣ። መፈተሻውን የጻፈው ራሱ ኢንሶ ነዋ!

አዲሱ ኮድ ሥራ በጀመረ ሰሞን አንድ ከሰዓት እናቱ ደወለች። የምትኖረው ብቻዋን ነው፣ ዬቾን የምትባል የገጠር ከተማ።

«ኢንሶዬ፣ የአባትህ መታሰቢያ ዛሬ ማታ አይደለም እንዴ? እኔ ዛሬ መስሎኛል፣ ስልኩ ግን ምንም አላለኝ።»

«ስልኩ አይሳሳትም እማዬ። ዛሬ ቢሆን ይነግርሽ ነበር። ስብሰባ ላይ ነኝ።»

«እሺ ልጄ፣ አንተ ካልክ» አለች። ዘንድሮ በሥራ ምክንያት እንደማይመጣ አስቀድሞ ነግሯታል፤ አልተቀየመችም። መልእክቱን ስልኳ ላይ የከፈተላትም፣ የጨረቃ ቀን ያለበትን የግድግዳ ካላንደር «ይሄን ኮተት ጣይው» ያላትም እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስልኳ «ዛሬ ማታ ነው» አላት። ገበያ ወጣች፣ ዓሣ ገዛች፣ ለማዕዱ ትጠብስ ጀመር። ሲመሽ እያለቀሰች ደወለች።

«አጎትህ ከአንዶንግ ደውለው ‹ትናንት እንዴት አለፈ?› ይሉኛል! ትናንት! እኔ ገና እየጠበስኩ። በሞተበት ቀን ዋዜማ አይደል ማዕዱ የሚቀርብለት፣ እኩለ ሌሊት አልፎ ቀኑ ሲገባ እንዲደርስለት? አባትህ መጥቶ ጨለማ ቤት አገኘ። በሩ ላይ ቆሞ ተመለሰ እኮ ልጄ!»

ኢንሶ ክው አለ። ዕድሜውን ሙሉ እናቱ ና ባለችው ማታ ሄዶ ሰግዶ፣ በልቶ ይመለሳል እንጂ ቀኑን ቆጥሮ አያውቅም። ስልኩን በመዳፉ ሸፈነና አጠገቡ ወዳለው ወደ ጊል ጠረጴዛ ዞረ።

«ያውቁ ነበር?»

«ዋዜማ መሆኑን?» አሉ ጊል የገብስ ሻያቸውን ፉት ብለው። «የአባቱን መታሰቢያ ያሰናዳ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንተም የምታሰናዳ መስሎኝ።»

እናቱ ገና እያወራች ነበር። «አጎትህ ተቆጥተዋል። ለኩባንያው ደውዪና ንገሪያቸው አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እንደኔ ሟቹ መጥቶ ጨለማ ቤት ያገኘበት ቤተሰብ ስንት ይሆን? ቁጥሩ እዚሁ አለ፣ አሁኑኑ ልደውል።»

«ቆይ እማዬ! ቆይ፣ ልየው።»

ጣቶቹ የተደመሰሰችውን መስመር መልሰው ጻፏት። ዛሬ ማታ ለሚጠበቁት ሙታን ቤተሰቦች አሁን መልእክት ቢልክ ጉዱ ይወጣል፤ ተዋቸው። እናቱን ግን እንዴት ይተዋት? ሹመቱ ነገ ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ይችል ነበር፤ እናቱ ናት፣ ይቅር ትለው ነበር። ግን አጎቱ ይሰማል፣ አጎቱ ደግሞ ራሱ ይደውላል።

«መልእክቱ ትናንት ጠዋት ተልኮልሻል» አላት። «ይሄው እዚህ ይታየኛል።»

«ትናንት? እኔ አላየሁም። ደግሞም ደውዬ ጠይቄህ…»

«ትናንት አልደወልሽልኝም።»

«አልደወልኩም?»

ስልኳን ከፍታ ብታይ ጥሪው እዚያው ነበር። እንዴት እንደሚታይ ግን የሚያውቀው እሱ እንጂ እሷ አይደለችም።

«እማዬ፣ ባለፈውም ድስት እሳት ላይ ጥለሽ ወጥተሻል» አለ። «እንደዚያው ነው የሆንሽው።»

አፈረ፤ ፊቱ እስኪግል አፈረ። ግን ቃሉን አልመለሰም። ጊል ሁሉንም እየሰሙ ሻያቸውን ጠጡ።

«ድምፅህን የሰማሁ መስሎኝ ነበር» አለች እናቱ ቀስ ብላ። ከኋላዋ የዘይቱ መንጫጫት ይሰማል። «እንግዲያው ያን የአረጋውያን ቤት ጠይቅልኝ። እምቢ ያልኩህን። ቤቱን በላዬ ሳላቃጥለው። ለአጎትህም የረሳሁት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። የሰው ኩባንያ ላማ ነበር እኮ፣ ምን በደሉኝ!»

ዳይሬክተር ሶል በበሩ ብቅ አለች። «ኢንሶ፣ ቅሬታ የመጣ አለ?»

«የለም» አለ፣ ስልኩ ጆሮው ላይ እንዳለ። «አንድም የለም።»

«እሰይ!» አለች እናቱ ከወዲያ፣ አፍንጫዋን እየሳበች። «ተሳካልህ? እሰይ የኔ ልጅ።»