አትራክታ «አይ» ያለች ዕለት

የደብሩ አዳራሽ ለሠርግ እንኳን እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። ከዩክሬን ጦርነት ሸሽተው ለመጡ አርባ ሰዎች የመንደሩ ሴቶች ለሁለት መቶ የሚበቃ የእንቁላል ሳንድዊች ሠርተዋል፤ ወንዶቹ አንድ የጭነት መኪና ሙሉ ብርድ ልብስ አምጥተዋል። የጎደለው መኝታ ነበር። ማደሪያ ያላገኘውን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውቶቡስ ወደ ሩቅ የድንኳን ሰፈር ይወስደዋል።

ማደሪያ የምትመዘግበውና የምታስተረጉመው ላሪሳ መዝገቧን ይዛ ወደ መንደሩ ነዋሪ አትራክታ መጣች። ራሷም ዩክሬናዊት ነች፤ አየርላንድን ከረገጠች ገና ወሯ ነው።

«እርስዎ ቤት ለእናትና ልጅ የሚሆን ቦታ ይኖራል?»

«አዎ» የሚለው ቃል አትራክታ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ባዶውን የቀረውን ክፍል ስትቀባና አንሶላ ስትተኩስ ነው የሰነበተችው። እንግዳ እንደሚመጣ ለውሻዋ ሳይቀር ነግራለች። ግን እንደ እሷ በአየርላንዷ ሮስኮመን በሥርዓት ያደገ ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ አይልም።

«አይ፣ የኔ ቤት ደግሞ ምን ቤት ነው!»

በአገሩ ደንብ ላሪሳ «ኧረ እባክዎ» ትላለች፤ አትራክታ ትግደረደራለች፤ በሦስተኛው ትቀበላለች። ላሪሳ ግን አመስግና፣ «አይ» ብላ ጽፋ አለፈች።

ላሪሳ ትመለሳለች ብላ አትራክታ ሳንድዊች በላች። ሁለተኛም በላች። በመጨረሻ የመንደሩን እግር ኳስ ቡድን አሠልጣኝ ማላኪን ጎተተችው።

«ያቺ ልጅ እኮ ሁለተኛ አልጠየቀችኝም!»

«አይ ብለሻት?»

«ታዲያ ምን ልበል? እንደ ስግብግብ ዘልዬ እሺ ልበል?»

«አንቺ ሴትዮ፣ እሷ ወጋችንን ከየት ታውቀዋለች? እናትና ልጇ አውቶቡስ ገብተዋል። ሂጂ ንገሪያት።»

«ሳልጠየቅ?»

«ሳትጠየቂ።»

«እናቴ ብትሰማ ከመቃብር ትነሳለች።»

«ትነሳ! ሞተሩም ተነሥቷል፤ ሩጪ።»

አትራክታ በስልሳ ስምንት ዓመቷ ሮጣ አውቶቡሱ ላይ ወጣች፤ ላሪሳም መዝገቧን ይዛ እዚያው ነበረች። አውቶቡሱ ውስጥ ዞርያና የምትባለዋ እናት ልጇን አቅፋ በመስኮት ትመለከታለች።

«እፈልጋችኋለሁ» አለች አትራክታ። የገዛ ድምጿ አስደነገጣት። «ሁለት አልጋ አለኝ። ቀለሙም ደርቋል።»

ላሪሳ ተረጎመች። ዞርያና ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«እንዳናስቸግርዎት፣ አይ ትላለች» አለች ላሪሳ፣ እስክሪብቶዋን እያነሳች።

«እንዳትጽፊ!» አትራክታ የሕፃኗን ሻንጣ ብድግ አድርጋ ወረደች። ሕፃኗ ሻንጣዋን ተከተለች፤ እናት ልጇን።