የመጨረሻዋ ብሎን

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ወንበሩ ቢጎረብጣችሁም ታገሡት፤ የምነግራችሁ ነገር ረጅም አይደለም። ቆሞ የሚሰማ ሰው ልቡ መንገድ መንገዱን ያያል፤ ስለዚህ ተቀመጡልኝ።

"እትዬ፣ እሱን አትንኪው!" አለ ሰዓት ሠሪው፣ ከተቀመጠበት ሳይነሣ።

የእህቱ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ታላቁ ናት፤ ለቅሶ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችውም እሷ ናት። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተሰበሰበ ወንበር ተሞልቶ የሻይ ብርጭቆ ማሳረፊያ ስለጠፋ፣ መስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ ልታስለቅቅ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለት የጫማ ካርቶን የሚያህል፣ ብርቱካንማ ቀለም የተቀባ፣ ጠርዝ ጠርዙ የተፋቀ ከባድ የብረት ሣጥን።

"ወንድሜ፣ ሰው ሻዩን ጉልበቱ ላይ ይዞ እኮ ነው።"

"ይያዝ።"

"እንደው ምንድነው ይሄ? ለቅሶ ቤት መሀል እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ!"

"የሷ ነው።"

እህቱ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

"የሷ" ያለው ልጁን ነው። የቀበሯት በቅርቡ ነው፤ የመቃብሯ አፈር እንኳ ገና አልደረቀም። አንድያ ልጁ ነበረች። እናቷ ጡት ሳታስጥላት ስለሞተች፣ አባትም እናትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። አድጋ የአውሮፕላን መሣሪያዎች የሚጠገኑበት ወርክሾፕ ገባች፤ የተመሰገነች ሠራተኛ ሆነች። ኋላ ሕመም ያዛት። ሕመሙም አልለቃት አለ።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ሰፈሩ "ሬዲዮ" የሚለው ጎረቤት፣ አንገቱን አሰግጎ ሣጥኑን ሲያይ ቆየ። ስሙ የወጣለት አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው ስለሌለ ነው።

"ይሄማ ጥቁር ሣጥን የሚሉት ነው!" አለ።

"የቱ ነው ጥቁሩ?" አለች እህት ከጓዳ። "ዓይንህን ታመሃል እንዴ?"

"ስሙ ነው እንጂ ጥቁር፣ ቀለሙማ አውሮፕላኑ ቢወድቅ ከሩቅ እንዲታይ ነው። አየህ ወዳጄ፣" አለና ወደ ሰዓት ሠሪው ዞረ፣ "ይሄ ዕቃ አውሮፕላኑ ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ምን ያህል እንደፈጠነ..."

ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄኔ ነው። ሰዓት ሠሪው ግን ሳያቋርጥ ሰማው። ሬዲዮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ድምፅም ይቀዳል አሉ። ማን ያውቃል፣ የልጅቱም ድምፅ..."

አንዲት ሴት ብርጭቆዋን ሳታስቀምጥ ቀረች።

"ጆሮ የለውም፣" አለ ሰዓት ሠሪው።

"እ?"

"ይሄኛው የድሮ ነው። አይሰማም። መጻፍ ብቻ ነው የሚችለው።"

ከቀብር ከተመለሰ ወዲህ ይህን ያህል ሲናገር የሰማው የለም።

ቤቱ እንዲያ በሰው ተጨናንቆ ብቻውን ነበር እላችኋለሁ። የሚመጣው ሁሉ "ያጽናህ" ይላል፤ "ደግ ነበረች፣ ጨዋ ነበረች" ይላል። እውነት ነው፤ ግን የማንም ልጅ ብትሞት የሚባል ነው። ብሎን እምቢ ሲላት በአፍንጫዋ እንደምታንጎራጉር የሚያነሣለት የለም። ብሎኑን "አንተ ጅል፣ ና ውጣ!" ብላ እንደምትሳደብ የሚያስታውስ የለም። እሱ እንዳያነሣው ደግሞ፣ ለማን ብሎ?

እሱና ልጁ በወሬ የተሳሰሩ ሰዎች አልነበሩም። የእነሱ ነገር ሌላ ነበር።

የሰዓት መጠገኛው ሱቅ ከቁም ሣጥን ብዙም አይሰፋም። ልጅቱ ሕፃን ሳለች የሚጠብቅለት ስለሌለ ይዟት ይውል ነበር። ቆርቆሮ ገልብጦ ያስቀምጣታል። እሱ ሌንሱን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ሰዓት ሲፈታ፣ ሲያጸዳ፣ ሲገጥም ታያለች። አንድ ቀን ሰለቸኝ ብላ ልታለቅስ ስትል፣ አንዲት ብሎን ሳያጠብቅ ተወና ትንሿን ካቻቪቴ አስጨበጣት።

"ነይ ሚጢጢ፣ የመጨረሻዋ ያንቺ ናት።"

በሁለት እጇ ይዛ፣ ምላሷን አውጥታ አጠበቀቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ሕግ ሆነ። ዕቃ ገጥሞ የዘጋ ሰው የመጨረሻዋን ብሎን ለሌላው ይተዋል። አድጋ የራሷን ዕቃ መፍታት ስትጀምር እሷም ለእሱ ትተው ጀመር። የማንቆርቆሪያ እጀታ ብትገጥም እንኳ አንዷን ሳታጠብቅ ታስቀምጥና "አባዬ፣ ያንተ" ትለዋለች።

ሱቁን ትታ ወርክሾፕ ልትገባ ነው ያለች ጊዜ ግን ተኳረፉ። "እኔ ስሞት ይሄን ሱቅ ማን ይከፍተዋል?" አለ እሱ። "እኔ ሰዓት ብቻ ስጠግን አልሞትም!" አለች እሷ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ከረሙ። አንድ ማታ ከሥራ ሲገባ የተበላሸው ማራገቢያ ተጠግኖ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ከጀርባው አንዲት ብሎን ብቅ ብላለች። ኮቱን ሳያወልቅ ካቻቪቴውን አወጣና አጠበቃት። እርቁ ይኸው ነበር፤ ሽማግሌ መላክ አላስፈለገም።

እንግዶቹ ወጥተው ሌሎች ገቡ። ከገቡት መሀል አንድ ግዙፍ ሰው፣ የወርክሾፑ አለቃዋ፣ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ነበረ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያሻሸ ብዙ ቆየ። ለመሄድ ሲነሣ ጎንበስ ብሎ፣

"አባባ፣ አሁን የሚነሣ ወሬ አልነበረም፣" አለ። "ሣጥኑን... ለተማሪዎች ማሳያ ልታደርገው ነበር የጀመረችው። መግቢያው ላይ መደርደሪያ ሠርተንለታል። ነገ መኪና ስላለን መጥተን ብንወስደው?"

"እሺ፣" አለ ሰዓት ሠሪው።

አፉ እሺ ይበል እንጂ ዓይኑ ከሣጥኑ አልተነቀለም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሣጥኑ እዚያ ቤት የመጣው ልጅቱ ከአልጋ መውረድ ሲያቅታት ነው። ከአገልግሎት የወጣ፣ መጋዘን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ የኖረ ዕቃ ነበርና፣ "እቤት አምጡልኝ፣ እጄ ሥራ ይፍታ እንዴ?" ብላ ጓደኞቿን ለመነች። ተሸክመው አመጡላት። አባቷን ጠርታ አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው።

"አባዬ፣ ውስጡ ስስ የብረት ጥብጣብ አለ። መርፌዎቹ እየጫሩ ይጽፉበታል። አንዷ ከፍታ፣ አንዷ ፍጥነት፣ አንዷ አቅጣጫ፣ አንዷ ደግሞ መናወጡን። ጆሮ የለውም፣ እጅ ብቻ ነው ያለው።" ሳቅ አለች። "እንዳንተ።"

"ቀልደኛ።"

"እንፍታው። አሁን።"

ፊቷን አየ። ከትራሱ ይልቅ ነጥቷል።

"ስትድኚ፣" አላት። "ስትድኚ አብረን እንፈታዋለን።"

ሣጥኑን በእጇ ዳበስ አደረገችው። "እሺ፣" አለች ኋላ። "ስድን።"

አትፍረዱበት። ሣጥኑ እስካልተፈታ ድረስ ልጅቱ ትጠብቀዋለች ብሎ አስቦ ነው። ከሱቅ በተመለሰ ቁጥር ስለ ሣጥኑ ትጠይቀዋለች፤ እሱም "ስትድኚ" ይላል። እየቆየች መጠየቁንም ተወች። በዚያው ሰሞን ትንሿ ካቻቪቴው ጠፋችበት፤ እጀታዋ ላይ ቀይ ክር የጠመጠመባት፣ ልጅቱ ሕፃን ሆና የጨበጠቻት። ሱቁን ገለባበጠው፤ የለችም። እህቱን "ቤት ስትጠርጊ ጥለሽብኝ ነው" ብሎ አኮረፋት። ልጅቱ ከአልጋዋ "ትገኛለች አባዬ፣ አትጣሉ" አለች።

እንግዲህ ነገ መኪናው ይመጣል። ሣጥኑ ሳይፈታ ከሄደ፣ ቃሉም ሳይፈጸም አብሮ መሄዱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እህቱ ዳቦና ስኳር ልትገዛ ወጣች። እንግዳ ገና አልመጣም። ባዶዎቹ ወንበሮች እርስ በርስ ተፋጠው ተቀምጠዋል። ሰዓት ሠሪው የመስኮቱን መጋረጃ ገለጠ፣ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፈ፣ ሌንሱን ዓይኑ ላይ ሰካ። ትልቁን ካቻቪቴ በክዳኑ የመጀመሪያ ብሎን ላይ አሳርፎ ክንዱን አጠነከረ።

ለዘመናት ያልተነካ ብሎን ሲፈታ ያለቅሳል፤ ይጮኻል። ይቺ ግን እንደ ቅቤ ዞረች። ሁለተኛዋም እንዲሁ። እጁን ገታ። ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ሽታውን ያውቀዋል፤ የራሱ የሰዓት ዘይት ነው።

ሰው ከፍቶታል ማለት ነው።

መጀመሪያ የመጣበት ቁጣ ነበር። ማን ነው የቀደመኝ? ቀሪዎቹን ብሎኖች አውጥቶ ክዳኑን አነሣ።

ውስጡ ተወልውሎ ያበራል። ጥርስ ጥርስ ያላቸው መዘውሮች፣ በጥንቃቄ የተጠቀለለው ጥብጣብ፣ እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩት መርፌዎች። ከታች ደግሞ፣ በታጠፈች ቁራጭ ጨርቅ ላይ፣ ቀይ ክር የተጠመጠመባት ትንሽ ካቻቪቴ ተጋድማለች።

በአውሮፕላን ጠጋኞች ሙያ ከማሽን ውስጥ መሣሪያ ረስቶ ከመዝጋት የባሰ ኃጢአት የለም። ራሷ ናት ስትቆጣው የኖረችው፤ ጆሮው ላይ የሰካትን ካቻቪቴ መንጭቃ እያወጣች "አባዬ፣ ዕቃህን ሳትቆጥር አትዝጋ!" የምትለው። እሷ መሣሪያ አትረሳም። እንግዲያው አልረሳቻትም፤ አስቀምጣታለች።

ሌንሱን አስተካክሎ በደንብ አየ። ጥብጣቡን የያዘችው ትንሽ ሳህን ብሎኖቿ በሙሉ ጠብቀዋል። አንዷ ብቻ በጣት ዞር ዞር ተደርጋ ብቅ እንዳለች ናት።

እሱ ሱቅ ሲውል፣ ወይ መድኃኒት ፍለጋ ሲሄድ፣ እሷ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጇ ፈትታዋለች። እንደማትድን ታውቅ ነበር። "ስትድኚ" የሚለው ቃሉ እንዳይሰበርበት ብላ ሳትነግረው መልሳ ዘጋችው። ግን ሕጉን አልጣሰችም። የመጨረሻዋ የእሱ ናት።

ዕንባው ሊወርድ ሲል ሌንሱን አውልቆ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ፤ ብረት ላይ ውሃ አይፈስም። ብቻውን፣ በባዶ ወንበሮች መሀል፣ እንደ ልቡ አለቀሰ። ሲበቃው ዓይኑን አብሶ ባለ ቀይ ክሯን አነሣ። ብሎኗን ቀስ አድርጎ አጠበቀ።

"ይኸው ሚጢጢ፣" አለ።

ከዚያ ጥብጣቡን አየ። የከፍታዋ መርፌ የጫረችው ቀጭን መስመር ይነሣል፤ ረጅም መንገድ ሳይናወጥ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ይወርዳል። አወራረዱ ረጋ ያለ ነው። በጣቱ ሳይነካው በዓይኑ ብቻ ተከተለው።

እህቱ ዳቦውን እንዳቀፈች በሩ ላይ ደረቀች። "ወይ ጉድ! ምን እያደረግክ ነው?"

"ካቻቪቴዬን አገኘኋት።"

"ጥለሽብኝ ነው ስትለኝ ከርመህ! የት ነበረች?"

"ልጅቱ ጋ።" ቀና ብሎ አያት። "ይቅር በይኝ እትዬ።"

ልትመልስለት አፏን ከፈተችና፣ ዓይኖቹን ስታይ ዳቦውን ጥላ መጥታ ራሱን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

አለቃዋ ሲመጣ ሣጥኑ ተዘግቶ ነበር። ግዙፉ ሰው ሊያነሣው ጎንበስ ሲል፣ የሙያ ነገር ሆኖ አውራ ጣቱ በክዳኑ ብሎኖች ላይ ሄደ። አንዷ ላይ ሲደርስ ቆመ። ብቅ ብላለች። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

"አንዷ ቀርታለች አባባ፤ ላጥብቃት።"

"አልቀረችም ልጄ፣" አለ ሰዓት ሠሪው። "የሷ ተራ ነው።"

አለቃው ሽማግሌውን አየ፤ ብሎኗን አየ። ምን እንደገባው አላውቅም። ካቻቪቴውን ወደ ኪሱ መለሰ። ሣጥኑን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ብሎኗ እንዳትወድቅ አውራ ጣቱን ጭኖባት ወጣ። ሰዓት ሠሪው መኪናው እስኪሰወር መስኮቱ ላይ ቆመ። ከኋላው እህቱ የሻይ ብርጭቆዎቹን ባዶው ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ስትደረድር ይሰማዋል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እናንተ ብዙ ቦታ ትደርሳላችሁ። ምናልባት አንድ ቀን አንድ መግቢያ ላይ፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ፣ ጠርዙ የተፋቀ ብርቱካንማ ሣጥን ብታዩ፣ አንዲት ብሎኑም ብቅ ብላ ብታገኟት፣ ረስተዋት ነው ብላችሁ እጃችሁን እንዳትሰዱ። አደራ፣ አስታውሱልኝ። ባለቤት አላት።