ያልተጠየቀችበት ሲምባል

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የሷን አጥር ግን ነቅንቀው አልተዉትም፤ ነቅለው ሌላ ተክለውበታል።

ከሰዓት በኋላ ለልምምድ ወደ ሆቴሉ አዳራሽ ስትገባ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፣ ወለሉ ገና አሁን ተወልውሎ እርጥብ ነው፣ መድረኩ ላይ እንደ ሁልጊዜው የሷ ድራም ቆሟል። ድራሙ የሷ ነው። ከድራሙ በላይ በብረት መቆሚያ የተሰቀሉት ሲምባሎች ግን የሷ አይደሉም። መስታወት የመሰሉ፣ የጣት አሻራ ያልነካቸው፣ የፋብሪካ ስማቸው በጥቁር ቀለም የታተመባቸው አዳዲስ የነሐስ ሳህኖች ናቸው። ዕድሜ ልኳን የመታቻቸው አሮጌዎቹ በጠረጴዛ ልብስ ተጠቅልለው ጥግ ላይ ተጥለዋል።

ደሟ ፈላ። ከነ ቦርሳዋ፣ ከነ እርጥብ ጃንጥላዋ መድረኩ ላይ ወጣች።

የሙያ ጓደኞቿ «ተርቧ» ይሏታል። ካልነኳት አትናደፍም ለማለት ነው፤ ለማለት ያህል እንጂ ሳይነኳትም ትናደፋለች። ዛሬ ግን ነክተዋታል።

«ማነው ይሄን የነካው?»

መልሱን ሳትጠይቅም ታውቀዋለች። የባንዱ መሪ ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ ምት መቁጠርን ያስተማረችው ጉልበቱን በማንኪያ እየመታች ነው። አድጎ ቤዝ ጊታር ያዘ፣ ከሥራ አስኪያጆች ጋር የሚያግባባ ምላስ አወጣ፣ ቀስ በቀስ መሪ ሆነ። አልከፋትም። መሪነቱን ይውሰደው፣ ወንበሯን እስካልነካ ድረስ። ከድራሙ ጀርባ ያለችው ያቺ ክብ ወንበር ኑሮዋ ናት። ባል መጥቶ ሄዷል፣ የኪራይ ቤት ተቀያይሯል፣ ወንበሯ ግን ከስሯ ተነቃንቃ አታውቅም። በዚህ ዓለም ላይ የምትፈራው ነገር ቢኖር ሌላ ሰው እዚያ ላይ ተቀምጦ ማየት ነው።

«እትዬ፣ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው» አለ ወንድሟ፣ የጊታሩን ማንገቻ እያስተካከለ፣ ዓይኗን ሳያይ። «ቅዳሜ የሆቴሉ ባለቤቶች ራሳቸው ይመጣሉ። ውላችንን የሚያድሱት ያን ቀን ነው። አዲስ ነገር ይስሙ ብዬ ነው።»

«የሰው ዕቃ በጠረጴዛ ልብስ ጠቅልለህ ደስ ይበልሽ ትለኛለህ? ጠይቀኸኛል?»

«ብጠይቅሽ እሺ ትይኝ ነበር?»

«አልልህም!»

«እኮ።»

ከወንድሟ ጎን የቆመው ሌላው የባንዱ ጊታሪስት ሳቀ። ዞራ ስታየው ሳቁን ዋጠው።

«እሺ» አለች ጃንጥላዋን ወርውራ። «ይሄን የገዛኸውን ጉድ እንስማው።»

ተቀመጠች። የድራም መምቻ ስቲኮቿን አወጣችና አዲሱን ትልቅ ሲምባል በጫፋቸው ነካችው። ቲክ አለ። ከቲኩ በኋላ ምንም የለም። ደግማ መታችው። ቲክ። ሦስተኛውን ከትከሻዋ አንስታ አሳረፈችበት። ያው ቲክ፣ ትንሽ ወፈር ያለ።

«ይሄ ምንድነው? የድስት ክዳን! ኧረ የድስት ክዳንስ ሲወድቅ ጎረቤት ይጠራል። ዲዳ ነው! ዲዳ ገዝተህ መጣህ!»

እየተሳደበች፣ በየስድቡ መሀል እየመታች ቀና ስትል የባንዱ ዘፋኝ ሁለት ጆሮዋን ይዛ ከማይክራፎኑ ኋላ ተኮራምታለች። ጊታሪስቱ ሎሚ የነከሰ ይመስል ፊቱን አኮማትሯል። ተርቧ ይሄን አይታ ይበልጥ ነደደች። ባንድ ውስጥ መቀላለድ ያለ ነው፤ ግን ለቀልድም ጊዜ አለው።

«ደግሞ ትያትር ጀመራችሁ?»

«ኧረ እትዬ፣ ጆሯችንን በሳሽው!» አለች ዘፋኟ።

«በዚህ ዲዳ? በሉ ተነሱ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቅለን እንሰማለን። ከዚያ በኋላ እዚህ ቤት ማን ሰሚ ማን ደንቆሮ እንደሆነ ይለያል።»

የጠረጴዛ ልብሱን ፈትታ አሮጌውን አወጣችው። ኮረዳ ሳለች ጡረታ ከወጣ የሰርከስ ከበሮ መቺ የወሰደችው ነው። በእጅ መዶሻ የተቀጠቀጠ፣ የመዶሻው ምልክት እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ፊቱን ሁሉ የሞላው፣ ቀለሙ የሻይ አተላ የሚመስል፣ ጠርዙ ላይ የተሸረፈ። አንዴ አንድ አስተናጋጅ ለደግ ብሎ ሊወለውለው ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ልትደበድበው ምንም አልቀራትም። «ድምፁ ያለው እኮ ዝገቱ ውስጥ ነው» ነበር ያለችው። እውነትም ሙልጭ ተደርጎ የተወለወለ አሮጌ ሲምባል እንደ በፊቱ አይጮህም፤ ይሄን የማያውቅ ሰው ብዙ ጥሩ ነሐስ አበላሽቷል።

ሰቀለችውና መታችው። መጀመሪያ እንደ ደወል ጥርት ያለ ቃል ተናገረ፣ ከሥሩ ወፍራም ጉርምርምታ ተነሳ፣ ከዚያ ያ የምትወደው ሽሽሽታ መጣ፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚያባራ ዝናብ። እስኪያልቅ ጠበቀችው። ቀጥላ አዲሱን መታች። ቲክ።

«ይኸው!» አለች። «ፍረዱ!»

ጆሮዋ ከሁሉም የሚሻል ዘፋኟ ናት፣ ስለዚህ ሁሉም ወደሷ ዞሩ። «አሮጌው ለስላሳ ነው» አለች እየፈራች። «ከሥር ያጉረመርማል፣ ከድምፄ ጋር አይጣላም። እኔ ብጠየቅ እሱን ነው የምመርጠው። አዲሱ ቀጭን ነው፤ መርፌ ነው። ይወጋል፣ ደግሞ ማለቂያ የለውም። አሁን ራሱ መቼ አለቀ?»

«ምኑ ነው ያላለቀው?»

ሦስቱም አዲሱን ሲምባል ያያሉ። ተርቧም አየችው፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላ ምንም የለም። ዘፋኟ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ቆየችና «አሁን አለቀ» አለች።

«ተማክራችኋል!» ስቲኩን ወንድሟ ላይ ቀሰረች። «ተማክራችሁ ነው የመጣችሁት። እብድ ልታስብሉኝ ነው!»

«እትዬ፣ ተይ» አለ ወንድሟ። ጊታሩን አውልቆ መሬት ላይ አስቀመጠ። ሊናገረው የፈራውን ነገር የሚናገር ሰው ሁልጊዜ መጀመሪያ እጁን ነፃ ያደርጋል። «የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ከጠራኝ ቆይቷል። ከፊት የሚቀመጡ እንግዶች ወደ ኋላ እየሸሹ ነው። ትደበድቢዋለሽ፤ እንደ ድሮው አትመቺም። እኔ... ድምፁ ሩቅ ሆኖብሽ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የሱቁ ሰውዬ ይሄኛው ጯሂ ነው፣ የሞተም ይቀሰቅሳል አለኝ። ይሄን ከሰማሽ ቀስ ብለሽ ትመቺያለሽ ብዬ ነው።»

ለሷ ብሎ የገዛው ይሄ ጩኸት ቀጭን፣ ስል ድምፅ ነው። ጆሮ ሲደክም ቀድሞ የሚሄደው ደግሞ እሱ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ሴትዮ እንኳ ከሱ የተሻለ ታስባለች። ያን ጊዜ ግን ይሄን ያሰበ አልነበረም። ተርቧ የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አትሰሚም መባሏን።

«አልሰማም? እኔ?» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «የራሴን ሲምባል ጠብታ በጠብታ እሰማዋለሁ! ና፣ ቁም እዚህ!»

አሮጌውን ወደ ራሷ አዞረችና፣ ጥሩ ስትጫወት እንደምታደርገው ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። እጇ አልተናወጠም። ምቱ እንደ ልብ ትርታ ሄደ፣ ዝናቡም መጣ፤ ሽሽሽ፣ በደወሉ መሀል እየፈሰሰ፣ አንዱ ሳያባራ ሌላው እየተከተለ። ንዴቷ እንኳ ትንሽ ረገበላት። ይስሙ፣ አለች በልቧ፣ ይስሙና ይፈሩ። መታች፣ መታች፣ ዝናቡም ዘነበላት።

ዓይኗን ስትገልጥ ወንድሟ ከፊቷ ቆሟል። የሲምባሉን ጠርዝ በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ይዞታል።

የተያዘ ሲምባል አይጮህም። ይሄን ከሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በልጅነቱ ድምፁ አልቆምልህ ሲለው «ጠርዙን ያዘው» ብላ ያስተማረችው ራሷ ናት። ሌላ አንድ ምት አሳረፈች። ስቲኩ እንጨት እንደ መታ ዱብ ሲል በክንዷ ተሰማት። ጆሮዋ ውስጥ ግን ዝናቡ አሁንም ይዘንባል። እያየችው ይዘንባል።

ለካ ነሐሱን ሳይሆን ትዝታዋን ነው ስትሰማ የኖረችው። አዲሱ ዲዳ የሆነባት ትዝታ ስለሌለው ነው።

«እጅህን አንሳ» አለችው።

አነሳ።

«ማን ማን ያውቃል?»

ጊታሪስቱ የማይፈታ ገመድ መፍታት ጀመረ። ዘፋኟ ታለቅሳለች፤ ለቅሶዋ ተርቧን ከሁሉም በላይ አናደዳት።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር» አለች። «አገር የሚያውቀውን እኔ ብቻ አላውቅም። ሰው ፊት ስደነቁር ቁጭ ብላችሁ አያችሁኝ። አንተማ ወንድሜ ነህ። አፍንጫህን የጠረግኩልህ ልጅ ነህ። 'እትዬ፣ ጆሮሽን ታዪ' ማለት ነሐስ ከመግዛት ይከብድ ነበር?»

«ትቆጪያለሽ ብዬ...»

«አዎ እቆጣለሁ! ተቆጥቼ ደግሞ እሰማህ ነበር!»

ተነሳች። ስቲኮቿን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። «በቃ። ቅዳሜ ሌላ ሰው ፈልጉ።»

አንድ ሰው አይሆንም እንዲላት ነበር የፈለገችው። እንኳን ሰው ግድግዳውም አይሆንም እንዲላት ጠበቀች። ጊታሪስቱ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። የወንድሟ ትከሻ ከጆሮው ወርዶ ቦታው ላይ አረፈ፤ ፊቱ ላይ እፎይታ ሲፈስ አየች። ከዚያ ያን የሚያግባባ ምላሱን ከፈተው።

«ለጤናሽም ጥሩ ነው እትዬ። ስለ ቅዳሜ አታስቢ። የማዶው ሆቴል ድራመር ዘፈኖቹን ሁሉ ይዟቸዋል።»

ከአፉ ሲወጣ እሱም ደነገጠ። ግን ወጥቷል።

«ይዟቸዋል?» አለች ቀስ ብላ። «የት ነው የያዛቸው? ከማን ጋር ተለማምዶ?»



ተርቧ ስቲኮቿን ከወንበሩ ላይ አነሳችና ተመልሳ ተቀመጠች። አሮጌውን ሲምባል ፈትታ አወረደችው። በቦታው አዲሱን ሰቀለች።

«እትዬ፣ እሱን አትሰሚውም እኮ» አለች ዘፋኟ እንባዋን እየጠረገች።

«አልሰማውም። ቢያንስ ግን አይዋሸኝም። እዚህ ቤት ያልዋሸኝ እሱ ብቻ ነው።» ወደ ወንድሟ አየች። «አንተ ጊታርህን አንሳ። እዚህ ፊቴ ቁም። ወደኔ ዙር።»

«ወደ ሰዉ ነው እንጂ...»

«ዙር አልኩህ!»

ዞረ። መታች። ቲክ አለላት፤ የወንድሟ የዓይን ሽፋሽፍት ግን ተኮማተረ። ቀነሰች። አሁንም ተኮማተረ። ከእጅ አንጓዋ ብቻ፣ እንደ ዝንብ ማባረር ያህል ነካችው። ሽፋሽፍቱ ረገበ። በዚያ ያዘችው፣ ከዚያ አላለፈችም። ጊታሪስቱ ገባ፣ ዘፋኟ ገባች፣ እሱም የግዱን ገባ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ፊቱን እንደ ተጻፈ ወረቀት አነበበችው። ሊያቀረቅር ሲሞክር «ቀና በል!» ትለዋለች፣ ቀና ይላል። ብዙ ነገር የደበቀባት ፊት አሁን ምንም ሊደብቃት አልቻለም። አላሳዘናትም።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ባለቤቶቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ማንም ወደ ኋላ አልሸሸም። የባንዱ መሪ ግን ምሽቱን ሙሉ ጀርባውን ለእንግዳ ሰጥቶ ነው የተጫወተው። በእረፍቱ ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን እያስተካከለ ወደ መድረኩ መጣና ተርቧን ጠየቃት፤ ምን ዓይነት ብልግና ነው፣ ወንድምሽ ለምን ወደ ሰው አይዞርም?

ተርቧ ስቲኮቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከንፈሩን እያየች ጥያቄውን አስደገመችው። ወንድሟ አጠገቧ ቆሞ ይሰማል፤ እንዲሰማም ነው ጮክ ብላ የመለሰችው።

«ጀርባዬን ስሰጠው የሚሠራውን አይቻለሁ» አለች። «ከእንግዲህ ፊቱን ነው የማየው።»