በማስወንጨፊያው ቦታ የሚቆም ብረት

የአውሮፓ የጦር መርከብ ሥራ ጆሃንስበርግ፣ ጀፕስታውን ሰፈር ድረስ መጣ ስል የሚያምነኝ የለም። የመጣው ርካሽ ስለሆንን ነው።

ጥር 2013 ነበር። ሁለተኛው የኮሮና ማዕበል ጆሃንስበርግን ይዟት፣ ቀብር እንኳ ከሃምሳ ሰው በላይ እንዳይወጣበት ተከልክሏል። የብረታ ብረት ወርክሾፓችን ግን አልተዘጋም። የወርክሾፑ ባለቤት ፈዲላ፣ ሥራውን ከአባቷ የወረሰች የፎርድስበርግ ሴት ናት፤ አንድ ቀን ጠዋት ሥዕል ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አስረዳችን። ስሙን የማልጠራው አንድ አገር ፍሪጌት ለሚባሉት የጦር መርከቦቹ የአየር መከላከያ ሚሳይል ሊገጥም አስቦ ነበር። የመርከቡ ወለል ተቆርጦ ቦታው ተዘጋጀ፣ ገመዱ ተዘረጋ፣ በጀቱም እዚያው ላይ አለቀ። ማስወንጨፊያዎቹ «ወደፊት» ይገዛሉ። እስከዚያው መርከቡ ያለ እነሱ ክብደት ሚዛኑ ስለሚዛነፍ፣ በእነሱ ልክና ክብደት ሁለት የብረት ሣጥን ይሠራለት ተባለ። የማስጫኛው ሂሳብ ተደምሮም ከእኛ የሚረክስ አልተገኘም።

ለማንም ላንናገር ፈረምን። ጠዋት ስንገባም ስልካችንን በር ላይ ካርቶን ውስጥ እንድንጥል ታዘዝን።

ዋናው በያጅ ጋሽ ለገሠ ናቸው። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው በባሕር ኃይል ምጽዋ ላይ የፀረ አውሮፕላን መድፍ ተኳሽ ነበሩ። ወርክሾፑ ውስጥ ያሉት ዙሉዎች «ማዳላ» ይሏቸዋል፣ ሽማግሌው ማለት ነው። እኔ ሀቢሶ፣ ባኪ የሚሏትን የወርክሾፑን ፒክአፕ እነዳለሁ፣ ሲጨናነቅ ብረት እይዝላቸዋለሁ። ያን ቀን ጋሽ ለገሠ ልክ ሲያነቡ የሥዕሉ ጥግ ላይ ያለውን የመርከብ ቁጥር አዩና ሜትሩን አስቀምጠው ወጡ። ተከትያቸው ስወጣ ስልካቸውን ከካርቶኑ አንስተው ፎቶ ያያሉ። ልጃቸው ረድኤት በዩኒፎርም ቆማለች። ከኋላዋ፣ ግራጫው ብረት ላይ፣ ያው ቁጥር አለ።

ረድኤትን ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እናቷ ናት እዚያ አገር ያሳደገቻት። አሁን የመርከቡ የራዳር ባለሙያ ናት፤ መርከቡ ጥገና ላይ ስላለ የብስ ላይ ኮርስ ትሰጣለች። አለቆቿ ምርጫ ሰጥተዋታል፦ ወይ እዚያው አስተማሪ ሆና መቅረት፣ ወይ መጋቢት ላይ ከመርከቡ ጋር ወደ ቀይ ባሕር አፍ መሄድ። መልሷን እስከ ዓርብ ትሰጣለች። ለአባቷ ደግሞ በስልክ፣ ሚሳይል እየተገጠመለት ስለሆነ አትስጋ ብላቸዋለች። ጋሽ ለገሠ የገባቸው ልጅቷ መታለሏ ነው።

ይደውሉላታ አልኳቸው።

«መርዶ በስልክ?» አሉኝ።

«ማን ሞተ?»

«ገና ነው።»

ከዚያ በኋላ ምንም ብል አልሰሙኝም። በእሷ ከተማ ሠረቀብርሃን የሚባሉ የድሮ የመርከብ ጓደኛ አሏቸው። ለእሳቸው ደወሉ። ክፉ ነገር እንደ ደንቡ በሰው፣ በጠዋት፣ በለሆሳስ እንዲነገራት አደራ አሏቸው። ሠረቀብርሃንም መርዶ በአንድ ሰው አይነገርም ብለው ሦስት ሽማግሌ ጨመሩ። ለአንድ ሰው እንኳ አልናገርም ብለው የፈረሙት ጋሽ ለገሠ፣ በዚህ ዓይነት ለአራት ሽማግሌ ተናገሩ።

የሆነውን በኋላ ሠረቀብርሃን አጫወቱን። ሐሙስ፣ ገና ሳይነጋ፣ በሯን አንኳኩ። እዚያም መሰብሰብ ክልክል ስለሆነ አራቱም ማስካቸውን አድርገው፣ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀው፣ በረዶ ላይ ቆሙ። ረድኤት በሩን ከፈተች። ጥቁር ካፖርት የለበሱ አራት ሽማግሌዎች አየች። አንዳቸውም አፋቸውን ሳይከፍቱ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

ጆሃንስበርግ ያለ አባት፣ ያን ሰሞን፣ በምን እንደሚሞት ማንም ያውቃል።

ሠረቀብርሃን በርቺ አሏት፤ ይሄ ደግሞ አባሰው። ነገሩ ስለ መርከብ ነው፣ ሚሳይሉ አልተገዛም አሏት። አላመነችም። ለሚሳይል ብሎ ሌሊት የሚነሣ ሽማግሌ የለም፤ ዋናውን ለማለሳለስ የሚያዳፍኑት መስሏታል። አባትሽ ደህና ነው ሲሏት ጭራሽ ጮኸች፤ መርዶ ሲጀመር ሁልጊዜ ሰውየው «ደህና ነው»። ደወለች፤ አይነሣም። ሦስት ሰዓት ሙሉ አይነሣም። የእኛ ስልክ ካርቶን ውስጥ ነበር።

ለሻይ ስንወጣ ጋሽ ለገሠ ሠላሳ አንድ ያልተነሣ ጥሪ አገኙ። ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ፤ ደወልኩላቸው፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

«አባዬ፣ ተናገር» አለች።

«አለሁ።»

«ሌላ ነገር ተናገር።»

«የግራው ሣጥን ብየዳ ዛሬ ያልቃል» አሉ።

ማልቀሷ ተሰማን። ልጅ ሆና ሲለያዩ እንኳ እንዳላለቀሰች አንድ ጊዜ ነግረውኝ ነበር። ዞር ልል ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ሣጥኑን አውቃለሁ» አለች። «ከመስከረም ጀምሮ አውቃለሁ። እንዳትሰጋ ብዬ ነው የዋሸሁህ።»

«እንግዲያው ነገ እቀራለሁ በያቸው።»

«ትናንት መልስ ሰጥቻለሁ። እሄዳለሁ።»

«በባዶ መርከብ?»

«ባዶ አይደለም፣ አባዬ። መቶ ስድሳ ሰው አለበት። መምቻው ከሌለ ቀድሞ ማየት ነው ያለን፤ ቀድሞ የማየው ደግሞ እኔ ነኝ። ያስተማርኳቸው ልጆች ገና ሦስት ወራቸው ነው።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ወይም ይለምኗታል። ጋሽ ለገሠ ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱና ከፊት ያለው መድፍ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ጠየቋት። ነገረቻቸው። በደቂቃ ስንት እንደሚተኩስ ጠየቁ። ነገረቻቸው። ለስንት ደቂቃ የሚሆን ጥይት እንደተሰጣቸው ሲጠይቁ ግን «እሱን ተወው» አለች፤ እሳቸውም አልደገሙትም።

«አውሮፕላኖቹ ከፀሐይ በኩል ነው የሚመጡት» አሉ።

«ራዳርን ፀሐይ አይጋርደውም።»

«አውቃለሁ። አንቺ ግን በዓይንሽም እዪ።»

«እሺ።»

«በመጋቢት እዚያ ባሕር ላይ ጠዋት ጭጋግ አለ፤ አቧራ ነው፣ ከዐረብ በኩል የሚነሣ። ጉም ነው ብለሽ እንዳትተዪው። ወረቀት አለሽ?»

«አለኝ፣ ቆይ።»

ወረቀት ስትፈልግ ጠበቋት። ከዚያ የሰዓቱን፣ የነፋሱን፣ የደሴቶቹን ጥላ ሁሉ በየተራ ነገሯት፤ ወፍ ከሩቅ ምን እንደሚመስልና ወፍ ያልሆነው ምን እንደሚመስልም። እሷ እያቋረጠች ድገምልኝ ትላለች። የሻይ ሰዓታችን አስራ አምስት ደቂቃ ነበር፤ አለፈ። ፈዲላ ልትጠራን ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ከቋንቋችን አንድ ቃል አታውቅም። ትንሽ አየቻቸውና በሩን ቀስ ብላ መለሰችው።