የአቶ ኦይታ ቱቦና የዱለቱ እገዳ

አቶ ኦይታ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ስር እንደ ፊኛ ተነፍቶባቸው፣ ሕንድ አገር ድረስ ሄደው በጨርቅ የተለበጠ የብረት ቱቦ አስገብተዋል። ከዚያ ወዲህ ምዕራብ ዓባያ ባለው የሙዝ ማሳቸው ላይ ጎንበስ ብለው አያውቁም። "ቱቦዬ ይንሸራተታል" ይላሉ። ሙዝ መሸከም ሲመጣ ቱቦ፣ አጥር ማጠር ሲመጣ ቱቦ። የዓመቱ ምርመራ ሲደርስ ብቻ ቱቦው ደኅና ነው።

"የሚያመኝ ነገር የለም፤ ምን ፍለጋ አዲስ አበባ እሄዳለሁ?"

ባለቤታቸው ወይዘሮ አገርነሽ ሁለት ዓመት ለመኑ፣ ተቆጡ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ላኩ። አልሆነም።

በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የአዲስ አበባው ሐኪም ራሱ ለአገርነሽ ደወለላቸው። "በቱቦው ጠርዝ ደም ሊሾልክ ይችላል" አላቸው። "ሲሾልክ ደግሞ አያምም፤ ክፋቱም ይኸው ነው። በሲቲ ስካን ካላየነው አናውቅም።"

አገርነሽ ስልኩን ዘግተው ጥቂት አሰቡና ባላቸው ወደተቀመጡበት ጥላ ሄዱ።

"ዶክተሩ ደውሎ ነበር።"

"ምን አለ?"

"እስኪመረመር ድረስ የአሳ ዱለት እንዳይቀምስ ብሏል። ዳጣውማ በአጠገቡም እንዳያልፍ።"

ኦይታ ቅዳሜ ቅዳሜ አርባ ምንጭ ብቅ ብለው የአሳ ዱለት በሚያቃጥል ዳጣ ካልበሉ ሳምንቱ ያለቀ አይመስላቸውም።

"ዱለትና የደም ስር ምን አገናኛቸው?"

"እኔ ሐኪም ነኝ? ሄደህ እሱን ጠይቀው።"

ሁለት ቅዳሜ ቻሉ። በሦስተኛው ሳምንት የፈቃድ ወረቀት ሊያስጽፉ ኮታቸውን ለብሰው አውቶቡስ ተሳፈሩ። አገርነሽ አጠገባቸው ተቀምጠው፣ ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሳቁ ጠፋ። በሲቲ ስካን ሲታይ ቱቦው ወደ ታች ወርዷል፤ ከላይ ደም እየሾለከ የተነፋው ስር እንደገና ማበጥ ጀምሯል።

"ጥቂት ወራት ብትቆዩ ሊፈነዳ ይችል ነበር" አለ ሐኪሙ።

አገርነሽ የባላቸውን ኮት እጅጌ ጨብጠው ያዙ። ኦይታ ግን "ይንሸራተታል አላልኩም?" ብለው ሚስታቸውን በኩራት አዩ።

በማግስቱ ሐኪሞቹ በብሽሽታቸው በኩል ገብተው ሌላ አጭር ቱቦ ከላይ ቀጠሉበት። የሚሾልከው ደም ቆመ።

ኦይታ ገና ከመንቃታቸው "ዱለቱስ ተፈቀደ?" ብለው ጠየቁ።

"የምን ዱለት?" አለ ሐኪሙ።

ኦይታ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። አገርነሽ አንሶላውን እያስተካከሉ ነበር፤ ቀና አላሉም። ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቁጣው ግን አልመጣላቸውም።

"ከምርመራው የቀረሁት ፈርቼ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

"አውቃለሁ" አሉ አገርነሽ፣ ትራሱን ከፍ እያደረጉላቸው።