የሬዲዮ ልጅ

አክስቷ ምስጢር ማውራት ስትፈልግ አፏን በሻርፗ ትሸፍናለች። አሁንም ሸፈነች።

የሟች ልጅ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ አየቻት። ጆሮዋ አይሰማም፤ ከንፈር ግን ታነባለች፤ አክስቷ አፏን የምትሸፍነውም ይህን ስለምታውቅ ነው። ግን ምን ዋጋ አለው? በዚህ ቤት አፉን ሸፍኖ የሚያወራ ሁሉ ስለ እሷ እንደሚያወራ ለመረዳት ከንፈር ማየት አያስፈልግም። አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተደረደሩት ሴቶች በየተራ ዞር እያሉ አዩዋት። አንዷ ራሷን ነቀነቀች፤ ሌላዋ ከፔርሙዝ የቀዳችውን ቡና ሳትቀምስ መልሳ አስቀመጠች። ሻርፑ ሸርተት ሲል ልጅቷ ሁለት ቃል ብቻ ያዘች።

«ማን አላት?»

እናቷ በተቀበረች ማግስት ነበር። ውሃ ልትቀዳ ተሰልፋ ሳለ ደክሟት ጄሪካኗ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ አልተነሳችም። ሐኪሙ ልቧ ነው አለ።

ሰፈሩ እናትየዋን «ሬዲዮ» ነበር የሚላት። ገበያ ውስጥ ቲማቲምና ሽንኩርት ስትሸጥ ድምፅዋ አውቶቡስ መቆሚያው ድረስ ይሰማል ይባል ነበር። «ኧረ ይቺን ሬዲዮ ማን ቀነስ ያድርጋት?» እያሉ ሲቀልዱባት፣ «ባትሪዬ ሲያልቅ ዝም እላለሁ፣ ምን አስቸኮላችሁ!» ትላቸዋለች። ለዚህች ሴት አምላክ የሰጣት አንድ ልጅ፣ ገና አፏን ፈትታ ስትኮላተፍ ትኩሳት ያዛት፤ ትኩሳቱ ሲለቃት ጆሮዋን ይዞት ሄደ። እናት ይህን ያወቀችው የድስት ክዳን ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ሲንኳኳ ነው። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ እየተጫወተች ነበር፤ ዞር አላለችም። እናት ክዳኑን አነሳችና ሆን ብላ ጣለችው። ደግማ ጣለችው። ከዚያ እሷም ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ወሬዋን ግን አልተወችም። ለልጇ ስታወራ ጎንበስ ትላለች፤ ፊቷን ወደ ብርሃን ታዞራለች፤ ቃሉን እንደ ማስቲካ እያላመጠች ታሳያታለች። ልጅቷ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ስትገባም እናት ከኋላ ወንበር ተቀምጣ የምልክት ቋንቋ አብራ ተማረች። እጇም እንደ አፏ ነበር፤ እያንዳንዱን ምልክት ከልኩ በላይ ታሰፋዋለች።

«እማ፣ እየጮህሽ ነው» ትላታለች ልጇ በእጇ።

«በእጅም ይጮሃል እንዴ?»

«አንቺ ስትሆኚ ይጮሃል።»

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን እናትና ልጅ ይሠሩበት ከነበረው የእርዳታ ድርጅት አስተባባሪው መጣ። ኮፍያውን በብብቱ ይዞ በር ላይ ትንሽ ቆመና ወደ እሷ ተጠግቶ ሁለት እጆቹን አንቀሳቀሰ። መንገድ ላይ ሲለማመድ እንደመጣ ያስታውቃል። «ፈጣሪ ያጽናሽ» ማለቱ ነበር። እጆቹ ያሉት ግን «ዳቦ ያጽናሽ» ነው። ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። እናቷ ብትኖር ኖሮ ይህን ወሬ ለሰፈሩ በሙሉ እስክታዳርስ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። በእጇ አሜን አለችውና አጠገቧ ቦታ ሰጠችው።

እሱም በደንብ ፊቷን እያየ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ «ሥራሽ ይጠብቅሻል። ግን እናትሽ ከሌለች አንቺና ዓይነ ስውሯ መምህርት እንዴት ትግባባላችሁ?»

«እኔስ ምን አልኩ?» አለች አክስቷ ከወዲያ። «እኔ ጋ ነው የምትሄደው። ክፍሉን አስጠርጌያለሁ። ለዚህች ልጅ ጆሮዋም አፏም እናቷ ነበረች።»

አስተባባሪው አንገቱን ደፋ። እሱ ከማንም በላይ ያውቃል።

ጦርነቱ ወደ ከተማው ሲጠጋ ሰፈሩ በሙሉ ሸሽቶ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሰፍሮ ነበር። የእርዳታ መኪናው በመጣ ቁጥር እሱ በድምፅ ማጉያ ይጠራል። የሰማ ይሮጣል፤ የሮጠ ይሰለፋል፤ የተሰለፈ ይወስዳል። አንድ ቀን ሬዲዮ ዱቄቷን ተሸክማ ሰልፉን ካለፈች በኋላ ተመለሰችና ፊቱ ቆመች።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ እዚህ የቆመውን ሰው እየው። እግር ያለው፣ ጆሮ ያለው፣ ጉልበት ያለው ነው። ሌላው የት ገባ? ጦርነቱ ለጤነኛ ብቻ ነው እንዴ የመጣው?»

«እማማ፣ እኛ የመጣውን ሰው አልከለከልንም።»

«መምጣት የማይችለውስ?»

«የት እንዳሉ በምን እናውቃለን?»

«እኔ አውቃለሁ» አለች።

አታውቅም ነበር። ግን ቃሉ አንዴ ካፏ ስለወጣ ማወቅ ግድ ሆነባት። ከማግስቱ ጀምሮ ልጇን ይዛ ከክፍል ክፍል፣ ከድንኳን ድንኳን መዞር ጀመረች። በእሷ ጭቅጭቅ የተነሳ ዱቄት ሲመጣ ነጭ ጨርቅ፣ ዘይት ሲመጣ ቢጫ ጨርቅ ሰንደቁ ላይ ይሰቀል ጀመር፤ መስማት የማይችል እንዲያይ። መንቀሳቀስ ለማይችል ደግሞ ድርሻው ያለበት ድረስ ይሄድለት ጀመር። ሰው ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ድርጅቱ እናትና ልጅን ቤት ለቤት ዞረው እንዲፈልጉ ቀጠራቸው፤ ሦስተኛ ሆና መምህሯ ተጨመረች።

መምህሯ ቀብሩ ላይ አልነበረችም። የምትኖረው ከከተማው ወዲያ ማዶ ሲሆን፣ በተኩስ ምክንያት መንገዱ ተዘግቶ ነበር። መንገዱ በተከፈተ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ነጭ ዘንጓ ከእሷ ቀድሞ በሩን አለፈ። አንዲት ጎረቤት ክንዷን ይዛ ፍራሹ ላይ አስቀመጠቻት። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ከልምድ የተነሳ፣ በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ተዉ።

ለቀስተኛው ሁሉ ያያቸው ጀመር። መምህሯ አንደኛ ክፍል ስታስተምር ክፍሏ ላይ የወደቀው ከባድ መሣሪያ የሁለት ዓይኖቿን ብርሃን ወስዶባታል፤ ከንፈሯንም ባንድ በኩል ጠባሳ አስሮታል። ስለዚህ መስማት የማትችለው ልጅ ከንፈሯን ማንበብ አትችልም፤ ዓይነ ስውሯ መምህርት ደግሞ የልጅቷን እጆች ማየት አትችልም። እስከዛሬ ያገናኛቸው በመካከላቸው ተቀምጣ ባንዱ አቅጣጫ በአፏ፣ በሌላው በእጇ ስታወራ የምትውለው ሬዲዮ ነበረች።

ሦስቱ ሲዞሩ ሰው ይስቅባቸው ነበር። ሥራቸውን ግን ያውቁበታል። አንድ ቤት ደርሰው፣ «እኛ ጋ እንደዚህ ዓይነት ሰው የለም» ብለው በር ላይ የመለሷቸው ጊዜ፣ መምህሯ ከመጋረጃ ጀርባ የሰው ትንፋሽ ሰማች፤ ልጅቷ ወለሉ ላይ በጠርሙስ የተቀመጠ ውሃና ረጅም የመጠጫ ቱቦ አየች። ሬዲዮ አልተቆጣችም። በር ላይ ተቀመጠችና ስለ ራሷ ልጅ ማውራት ጀመረች፤ ሰው «ምን ሠርታ ነው?» ሲላት ስንት ጊዜ እንዳለቀሰች። የቤቱ እመቤት ራሷ መጋረጃውን ገለጠችው። ካርቶን ላይ የተኛ ጎልማሳ ወንድ ልጅ ነበር፤ ከተወለደ ጀምሮ እጅና እግሩ አይታዘዝለትም። ዊልቸር መጥቶለት መጀመሪያ ሲወጣ የጠየቀው ሲጮህበት የኖረውን የጎረቤት ውሻ እንዲያሳዩት ነው። አይቶትም ሳቁን መያዝ አቃተው። «ይሄ ነው እንዴ? ይቺን ታክል?» ሬዲዮ ለልጇ በእጇ ስትተረጉምላት ውሻውን ከድመት አሳነሰችው።

አሁን ፍራሹ ላይ መምህሯ ዘንጓን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አንድ ነገር ተናገረች፤ ልጅቷ አልገባትም። ልጅቷ እጇን አንስታ መልሳ አወረደችው፤ ለማን? አክስቷ ከንፈሯን መጠጠች።

ያኔ ልጅቷ ከእናቷ በቀር ለማንም የማታሰማውን ነገር አወጣች። በልጅነቷ የሰፈር ልጆች ስለሳቁበት አፍና የኖረችውን ድምፅዋን።

«መ...ጣሽ» አለች።

ሻካራ፣ ልኩን ያልጠበቀ ድምፅ ነበር። ቤቱ በሙሉ ዞረ። መምህሯ ቀና አለች። «ማነው?» አለች፤ ወዲያው ግን ማን እንደሆነ ገባት፤ መሀላቸው ያለውን ቦታ ተሻግራ ተጠጋቻት። እጇን ፈልጋ አገኘችው፣ መዳፏን ዘረጋችው፤ ለአንደኛ ክፍል ልጆች ሰሌዳ ላይ እንደምትጽፈው፣ ፊደሉን አተልቃ፣ በጣቷ ጻፈችበት። ልጅቷ መጀመሪያ ኮረኮራትና እጇን ሰበሰበች። መምህሯ መልሳ ዘረጋችው። ሁለተኛውን ፊደል ያዘች። ሦስተኛውን ያዘች።

«መንገድ ተዘግቶ ነው።»

«አው...ቃለሁ።»

ቀስ ብለው ሄዱበት። አንዷ ትጽፋለች፤ አንዷ ትናገራለች። መምህሯ ያልገባት ቃል ሲኖር መዳፏን ትነካካታለች፤ ልጅቷ ትደግመዋለች። መምህሯ ስትጽፍ ከተሳሳተች የልጅቷን መዳፍ እንደ ሰሌዳ ጠረግ አድርጋ እንደገና ትጀምራለች። ስለ ቀብሩ፣ ስለ ውሃው ሰልፍ፣ ስለ እናቷ ልብ አወሩ። ከዚያ መምህሯ ጻፈች።

«ቦይ ውስጥ የጣልሽኝ ቀን ይቅርታ ብለሻል?»

ልጅቷ ግራ ተጋባች። አንድ ቀን እየመራቻት ሳለ ቸኩላ መምህሯን ረስታት፣ መምህሯ ቦይ ውስጥ ወድቃ ነበር፤ ሁለቱም ተኮራርፈው ሬዲዮ ከመሀል ሆና አስታረቀቻቸው። «በጣም አዝናለሁ፣ እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብላለች» ነበር ለመምህሯ ያደረሰችው ቃል።

«አላልኩም» አለች ልጅቷ። «አንቺ... ጥፋቱ የኔ ነው... አላልሽም?»

መምህሯ አፏ ተከፈተ። በፍጥነት ጻፈች። «እኔማ ስሰድብሽ ነበር!»

ሁለቱም ያልተጠየቁትን ይቅርታ ተቀብለው ነበር አብረው የኖሩት። መጀመሪያ የመምህሯ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ልጅቷ የምታለቅስ መስሏት ልታቅፋት ስትል እየሳቀች እንደሆነ አየች። ያኔ እሷም ለቀቀችው፤ ድምፅዋ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ሳታውቅ፣ ለቅሶ ቤት መሀል ሳቀች።

«ምን ጉድ ነው!» ብላ ተነሳች አክስቷ። ሁለቱ ፊት ስትደርስ ግን ቁጣዋ ከዳት። ተቀመጠችና ሻርፗን ከአፏ ዝቅ አድርጋ፣ ልጅቷ በደንብ እንድታያት ተጠጋች።

«ልጄ፣ እኔ ጠልቼሽ አይደለም። ብቻሽን ትቼሽ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም። አብረን እንሂድ።»

«አል...ሄድም።»

«ምን አለች?» አክስቷ ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«አልሄድም ነው ያለችው፣ እትዬ» አለች መምህሯ።

«ሥራ አለኝ። ሰው አለ። የተደበቀ... ያላገኘነው» አለች ልጅቷ።

መምህሯ ይህንንም ደገመችላት። አክስቷ የእህቷን ልጅ ትኩር ብላ አየቻት። የተነፋ አፍንጫ፣ የተጨማደደ ግንባር፣ ወደፊት የወጣ አገጭ። በሃምሳ ዓመቷ ሳቅም ለቅሶም ባንድ ላይ መጣባት።

«ግትርነቷ! ኧረ መልኳም! ቁርጥ እናቷን» አለች። «እንግዲያው እኔም እዚሁ ትንሽ እሰነብታለሁ። እስክትበረታ። ደግሞ ሂጂ እንዳትሉኝ፣ የእህቴ ቤት ነው።» ተነሳችና፣ አንድ የምትሠራው ነገር እንዲኖራት፣ ያልታጠቡ ብርጭቆዎችን ሰብስባ ወጣች።

ቀኑ ሲገፋ እንግዳው ሳሳ። አስተባባሪው ደጅ ወንበር እየደረደረ ነበር። መምህሯ የልጅቷን መዳፍ አልለቀቀችም። እንደገና ጻፈችበት።

«እኔ መልኳን አላውቀውም።»

እውነት ነው። ከሬዲዮ ጋር ሲተዋወቁ የመምህሯ ዓይን ጠፍቶ ነበር። ያንን ሁሉ ቀን ክንዷን ይዛ ስትዞር፣ ስትሰማት፣ ስትጨቃጨቃት፣ ምን እንደምትመስል አይታ አታውቅም።

«እኔም» አለች ልጅቷ፤ «ድምፅዋን።»

መምህሯ ጣቷን መዳፉ ላይ አሳረፈች። አንድ ፊደል ጀመረችና አጠፋችው። ሌላ ጀመረች።

«ጎርናና» ብላ ጻፈች። ቀጥላም፤ «ስትቆጣ ወንድ። ስትስቅ ግን የትንሽ ልጅ።» መዳፏን ጠረገችው። «አንቺን ስትጠራ ዝቅ ይላል።»

ልጅቷ መዳፏን ለረጅም ጊዜ አየችው። ምንም አልነበረበትም። ከዚያ የመምህሯን ሁለት እጆች አንስታ ፊቷ ላይ አደረገቻቸው።

ጣቶቹ መጀመሪያ ፈሩ። ቀስ ብለው ግንባሯን ዳሰሱ፤ በቅንድቧ ላይ አለፉ፤ የአፍንጫዋን ሰፊ ክንፎች፣ የአገጯን ጉብታ አንድ በአንድ ፈለጉ። ጉንጯ ላይ ሲደርሱ እርጥብ ሆኖ አገኙት። እዚያ ላይ ቆሙ፤ አልጠረጉትም፤ ዝም ብለው ያዙት።