ሁለቴ፣ ከዚያ አንዴ

የአሠልጣኝ ጄፍ የዋትሳፕ ቡድን ውስጥ የገባሁት በታላቅ እህቴ በዋይሪሙ ጉትጎታ ነው። ሃያ አንድ ቀን፣ ሃያ አንድ መልካም ልማድ፣ ያውም በነጻ። በኬንያዋ ናኩሩ ከተማ በነጻ የሚሰጥ ነገር ሲገኝ መጠርጠር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አሥራ አራት ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ፣ የተማሪዎችን የክርክር ክበብ የምመራ፣ በሆነ ባልሆነው ለጋዜጣ ደብዳቤ የምጽፍ ሰው ነኝ። አልጠረጠርኩም።

«ጋቶኒ፣ አንቺ እኮ ሁሌ ተቆጥተሽ ነው የምትነቂው» አለችኝ ዋይሪሙ። «እስቲ አንድ ቀን እንኳ ሌላ ነገር ይዘሽ ንቂ።»

በመጀመሪያው ቀን ቅጽ ሞላን፤ ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የትውልድ ዓመት። ለምስክር ወረቀቱ ነው ተባለ። በሁለተኛው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መነሳት፣ በሦስተኛው ደግሞ ከአልጋ እንደወረዱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቶ አልጋ ማንጠፍ መጣ። አራተኛው ቀን የምስጋና ቀን ነበር። አዘውትራችሁ የምትደውሉላቸውን ሦስት ሰዎች አመስግኑ፣ ስማቸውንና ቁጥራቸውን ላኩልኝ፣ በጸሎት አስባቸዋለሁ አለ ጄፍ። መቶ አርባ ሰው ላከለት። እኔም ላክሁ። «ንስሮቼ» ነበር የሚለን።

አሥራ ዘጠነኛው ቀን የስልክ ጾም ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስልክ ማጥፋት። ቀኑ ቅዳሜ፣ ኦገስት ዘጠኝ ላይ ዋለ። እኔ ደግሞ ኦገስት ዘጠኝ ስልኬን አላጠፋም።

ምክንያቱ ታናሽ ወንድሜ ሙሪዩኪ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት በዚያ ቀን እናታችንን ስንቀብር ሰክሮ መጣ። በሰው ፊት አዋረድኩት። የመጨረሻ ቃሌ «ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ» የሚል ነበር። ማታውኑ ሄደ።

በዓመቱ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከማላውቀው ቁጥር ሚስኮል መጣ። ሁለቴ ጠርቶ ተቋረጠ፤ ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ አንዴ። ልጆች ሳለን የኩሽናውን በር የምናንኳኳው እንደዚያ ነበር። ዋይሪሙ ያን ጊዜ አዳሪ ትምህርት ቤት ስለነበረች አታውቀውም። መልሼ ስደውል አያነሳም። አምስት ዓመት፣ አምስት ጊዜ፣ አንዴ ከታንዛኒያ፣ አንዴ ከሞዛምቢክ ቁጥር። አለሁ ማለቱ ነው። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም። ቁጥሬን ያልቀየርኩትም ለዚህ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቡድኑ ላይ «መጾም አልችልም፤ በዚህ ቀን ወንድሜ ሚስኮል ያደርግልኛል» ብዬ ጻፍኩ። እንዴት እንደሚጠራ አልጻፍኩም።

«የኔ ንስር፣ ለአንድ ቀን እንኳ ራስሽን ነጻ አውጪ» ብሎ መለሰልኝ ጄፍ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የስልኬ መስመር ጠፋ። አጥፍቼ አበራሁት፤ ምንም። ከመቶ አርባ ሰው መሀል መስመሩ መጥፋቱን ወዲያው ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ሌላው እየጾመ ነበር። ቦዳቦዳ የምንለውን የሞተር ታክሲ ይዤ ወደ ስልክ ድርጅቱ ሱቅ በረርኩ።

«ሲም ካርድዎ ዛሬ ጠዋት ተቀይሯል፣ ማዳም» አለችኝ ቼሙታይ የሚል ስም ደረቷ ላይ የለጠፈች ልጅ።

«ማን ቀየረው?»

«እርስዎ።»

«እኔ እዚህ ቆሜያለሁ።»

«ኮምፒውተሩ እርስዎ ነዎት ይላል። የመታወቂያ ቁጥር፣ የትውልድ ዓመት፣ አዘውትረው የሚደውሉላቸው ሦስት ቁጥሮች። ሁሉንም በትክክል መልሰዋል።»

አራተኛው ቀን ትዝ አለኝ።

«እስቲ እኔን ጠይቂኝ» አልኳት።

ጠየቀችኝ። ሁለቱን ቁጥሮች ተናገርኩ። ሦስተኛውን በቃሌ አላውቀውም።

«ሌባው ይበልጥዎታል፣ ቲቸር!» አለ ከኋላዬ ወረፋ የያዘ፣ የሚያውቀኝ ሰውዬ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

ዞሬ ልክ ላስገባው ይገባ ነበር። በስድብ የሚረታኝ የለም። ግን መታወቂያዬን አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ቼሙታይ የፖሊስ ወረቀት ይዘው ሰኞ ይምጡ አለችኝ። ወደ ቤት ሄድኩ። አሥር ሰዓት ሲሆን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ፊቱ ተቀመጥኩ። መስመር እንደሌለው አውቃለሁ። ቢሆንም ተቀመጥኩ።

በስልክ የማንቀሳቅሰው የባንክ ሂሳቤ ባዶ እንደቀረ የነገረችኝ ዋይሪሙ ናት፤ የኔ መስመር ስለጠፋ ባንኩ የደወለው ለእሷ ነው። «ለምንድን ነው የሰጠሽው?» አለች። በመምህራን ክፍልም ሁሉም ይህንኑ ጠየቀኝ። አንድም ሰው ግን፣ የምወዳቸውን ሰዎች ቁጥር የቤቴ ቁልፍ ያደረገው ማነው ብሎ አልጠየቀም። ድሮ ቢሆን በዚህ ጉዳይ ለጋዜጣው ሦስት ገጽ እጽፍ ነበር።

ሰኞ መስመሬ ተመለሰ። የቅዳሜን ጥሪዎች አሳዪኝ አልኳት ቼሙታይን።

«ያልተነሳ ጥሪ እኛ ጋ አይታይም፣ ማዳም። የተወራበት ብቻ ነው።»

«ባክሽ ሌላ ቀን ይደውላል» አለች ዋይሪሙ።

«ሌላ ቀን ደውሎ አያውቅም።»

ጄፍ አልጠፋም ነበር። አዲስ ዙር ጀምሯል። ጻፍኩለት፤ «ገንዘቡን አልጠይቅህም። ቅዳሜ ከሰዓት ሚስኮል ነበረ ወይ?»

የሚለውን አውቀዋለሁ። አዎ፣ አንዴ ጠርቶ ተቋረጠ ይለኛል፤ ውሸቱን እንደሆነ እለያለሁ። ከሁሉም ነገሬ ያልሰጠሁት ያንን የአጠራሩን ምልክት ብቻ ነበር።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት መለሰ።

«አሥር ሰዓት ገደማ። ሁለቴ ጠርቶ ቆመ፣ ቀጥሎ ደግሞ አንዴ። ፖሊስ መስሎኝ አጠፋሁት። ስከፍተው ያው ቁጥር ሰባት ጊዜ እንደሞከረ መልእክት ገብቶ አየሁ።»

ሰባት ጊዜ። ሙሪዩኪ በስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ አድርጎ አያውቅም። ጠራ፣ ወዲያው ፊቱ ላይ ተዘጋበት፣ ከዚያ ሰባት ጊዜ ሞከረ። ያጠፋችብኝ እሷ ናት ብሎ ያስባል። ወይም ሞታለች ብሎ።

«ቁጥሩን ላክልኝ» ብዬ ጻፍኩ።

«ሲሙን ጥዬዋለሁ። ይቅርታ፣ እህቴ።»

ከዚያ መልእክት እንዳልልክለት ዘጋብኝ።

ለዋይሪሙ በሕይወት አለ አልኳት። አለቀሰች፣ አቀፈችኝ። እኔ እሳት ላይ የጣድኩት ኡጋሊ፣ የበቆሎ ገንፎው፣ እንዳያርር እያየሁ ነበር።

ዛሬም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነቃሁ፤ ሰውነቴ ለምዶታል። ስልኩ ትራሴ አጠገብ በርቷል። ከእንግዲህ የሚጠፋበት ቀን የለም። ውሃዬን ጠጣሁ። አልጋዬን አነጠፍኩ። ቁጣዬን ፈልጌ አጣሁት።